ወገል

ሰኔና ሰኞ ነው፤ ከወገል ጤና አፋፍ ቁልቁል ወደ በሽሎ፣
አሮጌ ላንድሮቨር የውሃ ፓምፕ አዝሎ፣
ሙህዬ መሪውን እንደ ወጠጤ ቀንድ ጨምድዶ «ያዝ!» ብሎ።
እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ሹመቴ ታኮ ነው፤
ሲቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ መወተፍ ነው፣
ሲነሣ ድንጋዩን አቅፌ መሮጥ ነው።

ሰርባትዮው ትናንት በሳሙና ድኗል፤
ራዲያተሩ ደግሞ በሶዬን ጠጥቷል፤
እኔ ጦሜን ሳድር እሱ ጠግቦ አድሯል።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ «ቀጭ» የሚል ሰማሁ፤
ደረቅ፣ እንደ ክርን አጥንት። ዘልዬ ወረድሁ፤
ታኮዬን ወተፍሁ።
ሙህዬ ከሥር ገባ፤ እግሩ ብቻ ታየ፣
አንዱ ጫማው በክር፣ አንዱ በሽቦ የተሰፋ፤
ከባሌስትራው ጋራ እየተወያየ፦
«ማቀፊያሽ ተበጥሷል፤ ድርብሽ ተፈቷል፤
የኋላ እግርሽ ደግሞ ወደ ጎን ሸሽቷል።»

ሽቦ አሠርን፣ በሽቦ ላይ ሽቦ፤ አንድ ክንድ ሳይሄድ ተበጠሰ።
ከመነዳሪ ቆርጠን እንደ ሼህ ጥምጥም ጠመጠምን፤
ላላ፣ ተመለሰ።
የሙህዬን ቀበቶ፣ የእኔንም ቀበቶ፤ እሱም አልደረሰ።
ሱሪያችንን በእጃችን ይዘን፣
ዝንጀሮ ከገደሉ ጫፍ ሲስቅብን እያየን፣
ቆምን።

ያን ጊዜ ከታች ማሳ አያ ታረቀኝ መጣ፤
ጅራፉ አንገቱ ላይ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ አንዲት ቃል ሳያወጣ
ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ አየ። ከዚያ፦
«ይኼማ ድግር ነው፤ ይኼኛው ሞፈር ነው፤
ያለ ወገል ታዲያ በምን ይቆማል የምትሉት ሰው?»
ሄደ። በሬዎቹን ፈታ። ከማረሻው ላይ
ወገሉን በድንጋይ መታ መታ አድርጎ አወለቀና፣
አፈሩን በቁምጣው ጠርጎ
ሰጠን። ፀሐይና ሥራ አሙቀውት ነበር።

ሙህዬ ኪሱን ዳበሰ። ሽማግሌው ግን፦
«መች አበደርሁህ ብር? ብረት ነው የሰጠሁ።
ብረቴን መልሰህ አምጣ፤ እጠብቅሃለሁ።»
«እስከ መቼ?» አለው።
አያ ታረቀኝ ወደ ደመናው አየ።
ደመናው መለሰ።

በወይራ ሽብልቅ ወገሉን ስናጠብቅ ሙህዬ ቀና አለ፦
«ያችን ከተማ ስንት ዓመት ተመላለስኩባት፤
ስሟ ዛሬ ገባኝ» አለ።
የተረፈችውን ከመነዳሪ፣ ላህያ ጭነት ትሁን ብለን፣
ድንጋይ ላይ ተውን።
በሽሎ ገና አልሞላም። ውሃው በሩን አንኳኳ፤
አልከፈትንም። ተሻገርን።

ደሴ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሶፊያን የሚሉት ልጅ አዲስ ማቀፊያ ገጠመና
ወገሉን ወረወረው፣ ከስባሪው ጋራ፣ ጥቁር ዘይት በርሜል ውስጥ።
ሙህዬ እጅጌውን ሰበሰበ፤ እስከ ክርኑ ገባ።
«ለዚች ቁራጭ ብረት?»
«ይህች ቁራጭ ብረት የሰው ሰኔ ናት።»

ጭነት አልነበረንም። ባዶ መኪና፣ ነዳጁ ከሙህዬ ኪስ፤
መዝገቡ ላይ «የፍሬን ሙከራ» ተብሎ ተጻፈ፤
ሙከራውም እንዲያ እንዲያ እያለ ሁለት ወንዝ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ደረስን። ማሳው ታርሷል።
ትልሙ ጥቁር ነው፤ ቀጥ ብሎ ወርዷል።
ሞፈርና ድግሩ፣ ወገሉ በነበረበት፣
በእኛው ከመነዳሪ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።
አያ ታረቀኝ ሳቀ፦ «አይንጫጫም፤ በሬዎቼ ወደዱት፤
ጠፍር ቢሆን ኖሮ ውሻ በበላበት።»
ወገሉን ተቀበለ። በእጁ መዘነው። ዘይቱን በሣር ጠረገ። ምንም አላለም።
ከመነዳሪዋን ግን አልመለሰም።
እኛም አልጠየቅንም።

ሽቅብ ስንመለስ፣ እዚያው ጥምዝ ላይ፣ አንድ ነገር ተንኳኳ።
ሙህዬ ጆሮውን አዘነበለ፣
እንደ ሰው እንደሚጣራ ሰው።
«ታኮ!» አለ።
ድንጋዬን አቅፌ ወረድሁ።