የጠፋው ሮንዴላ

ሳጥኑ የመጣው ከፎገራ ሽንኩርት ጋር፣
አይሱዙ ላይ ተጭኖ፤
«ተሰባሪ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ
በጆንያ ተሸፍኖ።

ቻላቸው ባጃጁን አስጠግቶ ለካው፣ ደግሞ ለካው፤
«ጋሼ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው ወይስ ሬሳ ነው?» አለኝ።
ፍሪጅ ቢሆንማ ጥሩአየሁ ባልተቆጣችኝ!
በጋሪ፣ በአራት እጅ፣ የኩስኳምን ዳገት
እያሳረፍን ወጣነው፣ እየተሳደብን።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ።
ፒያሳ፣ ሁለት ክንድ በማትሞላ ሱቅ፣
ከጤፍ ያነሰች ብሎን ሳጠብቅ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አርባ ዓመት አለፈኝ።
ታዲያ እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ በስተመጨረሻው ላይ፣
ለምን ትልቁን ነገር በዚያው ዓይኔ አላይ?

ቢላዋ ገባ። ካርቶን፤ ከካርቶኑ ውስጥ ካርቶን፤
ስፖንጅ፤ ከስፖንጁ ሥር ስስ የላስቲክ ከፈን፤
«አትብሉ» የተባለች ትንሽ ከረጢት ነበረች፣
ዶሮዋ ቀድማ ቀምሳ ተጸየፈች።
ስምንት ጥቁር ዘንግ። ሁለት ክብ እንጨት።
ፊደሉ የቻይና፣ ሥዕሉ የማይገባ ወረቀት።

መጨረሻ ላይ እሱ፣ መስታወቱ፤
እንደ አራስ ልጅ በሁለት ክንድ የሚታቀፍ ክብደቱ፤
ነፋስ ያልነካው ኩሬ።
ቀረብ ብዬ ባየው አፍንጫዬ ዳቦ አከለ፤
ራቅ ስል ተዘቀዘቅሁ፣ ከነሽበቴ፣ ከነግንባሬ።
ጥሩአየሁ በነጠላዋ ጫፍ ልትወለውለው መጣች፤
«ኧረ በስላሴ ተይ!» ብዬ ጮህኩ።
ለልጆቻችን እንኳ እንዲያ ጮኼ አላውቅም፣ እሷ ናት ያለች።

ካቻቢቴ። ዳዶ። ብሎን።
ሮንዴላ አሥራ ስድስት ይላል ወረቀቱ፤
አሥራ አምስት ናቸው የተገኙቱ።
ፈለግን። በባትሪ፣ በማግኔት፣ በመጥረጊያ፤
ጌሾው ሥር ገባን፣ ካርቶኑን አራገፍን፤
ዶሮዋን በጥርጣሬ ዓይን ገላመጥን።
ሰዓት ሠሪን እንቅልፍ የሚነሳው
የተረፈ ዕቃና የጎደለ ዕቃ ነው።
በላስቲክ ቁራጭ አሰርኩት። አፈርኩ።
ግን ቆመ፤ ከእኔ ቁመት በላይ፣
ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ አፉ ወደ ሰማይ።

ሚሊሻው አዱኛው ከአጥሩ ማዶ ቆም አለ፦
«ጋሽ አስረስ፣ ይሄ መድፍ ወዴት ነው የተነጣጠረ?»
በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ፣ ጥያቄው ጨዋታ አይደለም።
«ወደ ሩቅ» አልኩት፣ «ከዚያ ማንም አይተኩስም።»

ደመናው ወደ አንገረብ ገለል ሲል
መብራት ጠፋ።
ከአራዳ እስከ ማራኪ አንድ ትልቅ «ውይ!» ተሰማ፤
ግንቡም ከነጥርሱ ሰጠመ ጨለማ።
ከተማው መብራት ኃይልን ሲረግም
እኔ «ተመስገን» አልኩ፣
ጎረቤት እንዳይሰማኝ፣ በለሆሳስ።

በጣት ገፋ አደረግሁት። ብዥታ። አሁንም ብዥታ።
ከዚያ ጠራ።

አዱኛው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ጎንበስ አለ፣
አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ማነጣጠር መቼም ያውቃል።
ዝም አለ። በጣም ዝም አለ።
«ጋሼ» አለኝ በኋላ፣ «ሮንዴላዎ ተገኘ፤
እዚያ ላይ ነው ያለው፣
መሀሉ ላይ አንዲት ፍሬ ተሰክታበት።»

ሳተርን ነበረ።

ጥሩአየሁ ተራዋን አልለቅ አለች።
«ምን አየሽ?» ብላት
«ስሜን» አለች።

ግን አይቆይም። በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል።
«ይሸሻል» አለ አዱኛው።
አይሸሽም፤ እኛ ነን የምንሄደው፤
ኩስኳም ከነዳገቷ፣ ዶሮዋ ከነቆጧ፣
ጠመንጃው ከነግድግዳው፣
ቀጭ ሳይል፣ ቋ ሳይል፣
ማንም ሳይሞላው።
አርባ ዓመት ጀርባቸውን ስከፍት የኖርኩት ሁሉ
የዚህ ቅጂ ነበሩ ለካ፤
ስንቷን አፍጥኜ፣ ስንቷን አዘግይቼ መለስኩ ይሆን?

ሱቄን የከፈትኩት አራት ሰዓት ላይ ነው።
ግድግዳው ላይ ሃያ ሰዓት ሃያ ወሬ ያወራል፤
ዝም አልኳቸው።
ወንበሬን ስስብ ከሱሪዬ እጥፋት
አንዲት ነገር ቅጭል ብላ ወደቀች፤
ክብ፣ መሀሏ ክፍት።

ለአዱኛው አልነገርኩትም።