ከጣሪያው እስከ አሸዋው

እሁድ ረፋዱ ላይ፣ ደምበላ ሰፈር፣
የምጠብቀው ሕንጻ፣ ያላለቀው፣
ፌሮውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነበር።
ሦስት ተማሪዎች በሩን አንኳኩና
«ፊዚክስ ነው ጋሼ፤ ፈቃድም አለና
ክፈትልን» አሉኝ።

አንዱ ሜትር ይዟል፣ አንደኛው ጠመኔ፣
ሲፈን የምትባል፣ ዛሬም አለች በዓይኔ፣
በመዳፏ ያዘች ቴኒስ ኳስ፣ ፀጉሩ ያለቀ፣
ከስንት ውሻ አፍ የተነጠቀ።

ሊለኩ የመጡት፣ እንዳስረዱኝ፣
ኳስ ከየት ቢለቀቅ በምን ፍጥነት መሬት እንደሚያገኝ።
ሳቅኩኝ በሆዴ፤
ይኼ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ?
ስሚንቶ የተሸከመ ሁሉ ያውቀው የለም ወይ?
ከአንደኛ የወደቀ ይራገማል፣
ከሁለተኛ የወደቀ ይጮኻል፣
ከዚያ በላይ…

ነፋሱ ይነፍሳል፣ ያ የአዳማ፣
ሰው የገዛ ስሙን እስከማይሰማ።
የመጀመሪያውን ኳስ ነጥቆ
ጎማ ጥገናው ደጅ ጣለው፣ አርቆ።
«ጠብቁ» አልኳቸው፣
«ኮረብታው ላይ ያሉት ነጫጭ ክንፎች
ሲያዘግሙ አይታችሁ ልቀቁ።»
እኔን ሰሙኝ። ስንት ዓመቴ፣ ሰው ከሰማኝ!

ከመጀመሪያው ወለል፣ ከአምስት ሜትር፣
አንድ ሴኮንድ።
ከጣሪያው፣ ከሃያ ሜትር፣
«አራት ይሆናል» አልኩ፣ በእርግጠኝነት።
ሲፈን ስልኳን አየች።
«ሁለት።»
«ሁለት?»
«ሁለት። ፍጥነቱም እንደዚያው ጋሼ፣
አራት እጥፍ ብትወጣ እጥፍ ነው የሚጨምረው፤
ቁመትና ፍጥነት እኩል አይደለም የሚቆጥረው።»

ጉርሜሳን አሰብኩት።
ሌላ ሕንጻ ነበር፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት።
እኔ ዘንድ፣ እዚህ ውስጥ፣ ገና አላረፈም፤
ቆቡ ቀድሞት ሄዷል፣ እሱ መንገድ ላይ ነው፣
ጠዋት ወድቆ ማታም አሸዋው አልነካው።
ሁለት ሴኮንድ ብቻ! ሁለት ሴኮንድ ለምን ይበቃል?
ስም ለመጥራት እንኳን፣
«ጉር—» ብሎ ያልቃል።

ከዚያ ጠየቅኳት፣ ወደ መሬት እያየሁ፣
«ቢከብድስ የሚወድቀው?
እንበል፣ ግማሽ ጆንያ ስሚንቶ ቢይዝ?»
ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችኝም።
ወጥታ ከወለሉ ጫፍ፣
በአንድ እጇ ኳሱን፣ በአንዱ ድንጋይ፣
ለቀቀቻቸው አንድ ላይ።
ዷ!
አንዱ ሌላውን አልጠበቀም፣ አልቀደመም።
«ከፍታው ነው እንጂ ክብደት አያፋጥነው።»

ያን ጆንያ ትከሻው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤
«ባይከብደው ኖሮ» እያልኩ
አሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ፣
ዛሬ በአንዲት ልጅ አፍ፣ በድንጋይና በኳስ፣
ከላዬ ወረደ፤ ቀለለኝ፤ እስቲ ልተንፍስ
ስል፣
ከፍታውስ?

አንደኛው ወለል ላይ ኖራ ይቀባ የነበረን ሰው
«ና ውጣ፣ ጣሪያ ላይ አሥር ብር ይበልጣል»
ብሎ የጠራው ማነው?

አራት እጥፍ ከፍታ፣ ሁለት እጥፍ ፍጥነት፣ አሥር ብር ጭማሪ፤
ይህን አካፍሎ የሚያሳይ የት አለ አስተማሪ?
ሲፈንን አልጠየቅኳትም።
ጠመኔዋን አራገፈች፣ «እናመሰግናለን» አለች፣
ኳሷን ረስታ ሄደች።

ማታ፣ የጅቡቲ መንገድ መኪኖች ሲያጓሩ፣
ባትሪዬን አብርቼ መጀመሪያው ወለል ወጣሁ።
ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ
መሰላል ስረግጥ ገና ዛሬ ነው።
ወደ ጣሪያው የሚወስደው
ጎኔ ቆሟል፤ አየሁት፣ አየኝ።
እዚያው አምስት ሜትር ላይ እጄን ዘረጋሁ፣
ለቀቅኩት።
«አንድ» አልኩ።

ይነጥራል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።
አሸዋ ኳስ አይመልስም።
ወርጄ ተንበርክኬ፣
ባትሪዬን አጥፍቼ፣
በእጄ እየዳሰስኩ ፈለግኩት።