በር ክፈቺ

ሉማሜ ነው ያገኘኋት፣ ከጭድ ክምር ሥር ተኝታ፣
ሃያ ሰባት ክረምት ሙሉ የዶሮ ቆጥ ሆና ሰንብታ፤
ሁለት በር፣ የሸራ ጣራ፣ ቀይ የነበረች ፊያት።
በበሬ ጎትተን አወጣናት።
አንዲት አይጥ ከመቀመጫው ልጇን በአፏ አንጠልጥላ
ወጣች፤ አየችኝ ገልመጥ ብላ፤
"ይቅርታ" አልኳት።

የጥሩነህ ነበረች፣ የእህል ነጋዴው፤
ጤፉን በካሚዮን ልኮ ገንዘቡን በዚች የሚከተል፣
ሐምሌ ሲገባ ሸራ ገልጦ ዝናቡን "እስቲ ና!" የሚል።
እሱ ካረፈ ወዲህ እጅ ነክቷት አያውቅም፤
ሚስቱ ወይዘሮ አትጠገብ
ቁልፉን ከማተቧ ጋር አስራ ይዛ ቆየች።
እኔንም "ሽጥልኝ" አላለችኝ፤
"አስነሳልኝ" አለች።

ድሮ ዲማ ወርጄ ቅኔ ቆጥሬ ነበር፤
ዛሬ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ካምቢዮ ሥር ነው የማድር።
ከቆሎ ተማሪነት ወደ ኮሎ ጠጋኝነት፤
ከቅኔው የተረፈኝ ይቺው ናት።
የኔታ "ሰሙ ሲገፈፍ ወርቁ ይወጣል" ሲሉን
ስቱኮ ፍቀው አያውቁም።
እኔ ሦስት ቀን ፋቅሁት በብርጭቆ ወረቀት፤
ከሥሩ ዝገት ነው፣
ከዝገቱም ሥር ሌላ ስቱኮ አለበት።

ወለሏን ከዘይት በርሜል ቆርጬ በየድኩት።
ሞተሯ ግን እንደ ደረቀ ቀረ፤
ናፍጣ አጠጣነው፣ በእንጨት መዶሻ ለመንነው፤
ሶማሌ ተራ ብንደውል ሻጩ
"የየትኛው ንጉሥ ፒስቶን ነው?" ብሎ ስቆ ዘጋው።
እንግዲህ የኮሮላ ልብ ገባላት።
ሞላዋንም ቀይረን አራት ጣት ከፍ አረግናት፤
ስፖርት ናት ብሎ ኮብልስቶን ጎንበስ አይልላት።
ረዳቴ ጋሻነው "ክንፍ እንግጠምላት ከኋላ" ቢለኝ፣
"ተው፣ ከዶሮ ጋር ኖራም አልበረረች" አልኩና
ቀይዋን በቀይ ቀባናት።

መስከረም ሲጠባ መጣች።
ቁልፉን ከአንገቷ ፈታ ሰጠችኝ። አዞርኩት።
ተነሳች።

አትጠገብ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አዳመጠች።
"መልኳ ራሷ ናት" አለች፣ "ድምጿ ግን የሰው።"
እኔ ስለ ፒስቶን፣ ስለ ሶማሌ ተራ ዋጋ
ልቀባጥር ስል፣ እጇን አነሳች።

"ተቀምጬባት አላውቅም፤ የማውቃት በጆሮ ነው።
እኩለ ሌሊት፣ ከዳገቱ ግርጌ፣ ማርሽ ሲቀንስ እሰማና
ከእንቅልፌ ብድግ፣
ፋኖሴን ይዤ በጭቃው፣ መወርወሪያውን ልስብ ሩጫ።
ምን እንደምትል ታውቃለህ ያኔ?
በር ክፈቺ፣ በር ክፈቺ፣ በር ክፈቺ፤
አሥራ ስድስት ዓመት፣ ይህችን ብቻ።"

የጋራዡ ልጆች ሁሉ ዝም።
ጋሻነው ብሎን ይዞ ቆሟል፣ የት እንደሚያደርገው አያውቅም።

እሷ ዞራ መጣች።
በር ከፈተች፤ የመኪናዋን። ተቀመጠች።
"ይኸኛው ምንም አይለኝም" አለች። "ንዳ።"

ሸራውን ገለጥን። የደጀንን መንገድ ያዝን።
የአደይ ሽታ ነው፣ የቤንዚን ሽታ ነው፣
ነፋሱ ሻሿን ይዞ ሊሄድ ይታገላታል፤
አንዴ ብቻ ሳቀች፣ ምን እንዳሳቃት እንጃ።
ሉማሜ ስንደርስ፣ ከደጇ ፊት፣
በሩ እንደተዘጋ ነው፤
ልማድ ሆኖብኝ ፍሬኑን ረገጥ አደረግሁ።

"እለፈው" አለችኝ።