ሰማያዊ ጠመኔ

ሰኔ ነበር፤ ጉሙ ከጦሳ ተንዶ
የሰባተኛ «ሐ»ን መስኮቶች ጋርዶ፣
መምህር እንድሪስ ሽበሺ ከደረት ኪሳቸው
በመሐረብ ጠቅልለው፣ እንደ አደራ ይዘው
ያቆዩዋትን አወጡ።
ነጩ ጠመኔማ ለሁሉም ይበቃል፣
ለአገር፣ ለተራራ፣ ለድንበር ይሆናል፤
ሰማያዊዋ ግን በዓመት አንዴ ብቻ
ለባሕሩ ነበረች፣ ለሉበርት መንገድ መክፈቻ።

ሉበርት —
እንደ እሳቸው አነጋገር፣ የኔዘርላንድ ሰው፣
አባቱን ባሕር የበላው፣ እናቱን ሳል የጨረሰው፣
በግድብ በታጠረ አገር፣ ከውሃ በታች የተወለደ፣
በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገመድ መቋጠር የለመደ።
«አገራቸው ከባሕር ወለል ዝቅ ይላል» ሲሉን ሣቅን፤
እኛ ከደመና እኩል ተቀምጠን ስለ ዝቅታ ምን አወቅን?

በሦስት መርከብ ወጣ፤ በአንዷ ተመለሰ።
ሸራው ነፋስ አጥቶ እንደ እርጥብ ነጠላ ተልፈሰፈሰ፤
ድዱ አብጦ ጥርሱን በመዳፉ ላይ ቆጠረ፤
የጫማውን ቆዳ ቀቅሎ እሱን እያኘከ አደረ።
ከዚያም ጉም።
እዚህ ላይ መምህሩ ሁልጊዜ ዝም።
መስኮቱን አይተው፣ ቀስ ብለው፦
«ሦስት ቀን ከጉሙ ማዶ ውሻ ሲጮህ ሰማ፤
ይሁን መንደር፣ ይሁን ከተማ፣
አላየም። መልሕቅ ቢጥል ገመዱ አልቆ ታች አልነካ፤
የሰማውን በካርታው ላይ በነጠብጣብ ተካ፣
ስምም ሳይሰጠው ዞረ።»

«ለምን ስም አላወጣለትም?» አለ ይማም ከኋላ ወንበር።
«ውሻ የሚጮህበት አገር ስሙ ቀድሞም ነበር።»

አገሩ ገብቶ፣ ዳግም መርከብ ሳይረግጥ አረጀ፤
ቀሪ ዘመኑን ለመንደሩ ልጆች ካርታ በመሣል ፈጀ።
ደወሉ ሳይደወል ባሕሩን በጨርቅ ጠረጉ፤
«ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው ደብተራችንን አዘጉ።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፤ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ፣
ውሃ የሌለው ወደብ ላይ ኮንቴይነር መቁጠር ለምጄ።
መርከብ የለ፣ ማዕበል የለ፤ ክሬንና ጠጠር፣
የሾፌር ፉጨት፣ የናፍጣ ሽታ፣ ቁጥር በቁጥር።
ቦርከና ወዴት ነህ ቢሉት፣ ወደ አዋሽ፤
አዋሽም ባሕር ሳያይ ቀሪ፣ አሸዋ ላይ ፈሳሽ።
የእኛ ውሃ እንኳ፣ እላለሁ አንዳንዴ፣ እንደ መምህሬ ነው፤
ስለ ባሕር ያወራል እንጂ ባሕርን አላየው።

አንድ ቀን ክሬን ሊጠግን የኔዘርላንድ ሰው መጣ፤
ሻይ ጋበዝኩት፤ ቆየና ጥያቄዬ ወጣ፦
ሉበርት የሚባል፣ በሦስት መርከብ የሄደ...
አሰበ። ስልኩን ጎረጎረ። ራሱን ነቀነቀ።
«ብዙ መርከበኛ አለን፤ ይኼን ግን ማንም አላወቀ።»

ያን ማታ ሐረጎን ወጣሁ፤ ሚኒባሱ በጉም ውስጥ ጡሩምባ እየነፋ፤
ሆጤ ስደርስ መብራት ጠፋ።
እትዬ ዘሀራ በሩን ከፈቱ፤
መምህሩ ካረፉ ሁለት ክረምቱ።

«ሉበርት?» አሉ ሣቅ ብለው፣ «እንዴት ያለ ስም ነው ደግሞ?
መርከብ አያውቅም እንድሪስ። ግን ልጅ ሳለ፣ ቀድሞ፣
የጭነት መኪና ረዳት ነበር፣ በአሰብ መንገድ።
ሲወጡ ሦስት መኪና፤ ሲመለሱ አንድ።
አቧራው ሦስት ቀን አልተገለጠም፤ ውሃ አለቀባቸው፤
የጫማ ጠፍር ሳይቀር አኘኩ፤ ደማ ድዳቸው።
ከአቧራው ማዶ ውሻ ሰማ። ጨው ጨው አለ አፉ።
ባሕሩ እዚያ ነበር አለኝ፤ ዞሩና አለፉ።»

በስልኬ ብርሃን አየሁት፤ ኮቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤
ደጋግመው አጥበውታል፤
የደረት ኪሱ ግን ዛሬም ሰማያዊ ይላል።
እጄን ልከት ብዬ ተውኩት።

ማለዳ በር ላይ ነኝ።
ከጅቡቲ የገባ ሾፌር፣ ጎማውን በእርግጫ እየመታ፣
ይፈርማል። «ባሕሩ እንዴት ነው?» እለዋለሁ በሰላምታ ፈንታ።
«ይሞቃል» ይለኛል።