ዘጠና ዲግሪ

ድምፁን ማንም አልሰማም፤ እኔ ግን ሰማሁ፤
ገመድ ሲበጠስ ይመስላል። ከወለሉ አየሁ
የጣሪያውን መብራት፣ የአሰልጣኜን ጫማ፣
ኳሷ ከመረብ አርፋ፣ እንግዳው ቡድን ደስታውን ሲያሰማ።

የእጅ ኳስ ይባል እንጂ በረኛ እጇ አይበቃትም፤
እግሯን ካልዘረጋች ጥጉን አትደርስበትም።
ልመልሳት ነበር፣ ግራ እግሬን ዘርግቼ፤
ስንቷን መልሼ ነበር በዚያው እግር ተመክቼ!

ጉልበቴ ከዳኝ ስል፣ ማንን ነው? የትኛውን?
በክር የተሰፋውን፣ ያበጠውን፣ የሚያመውን፣
ወይስ ያንን ሌላውን፣
ማለዳ ከአልጋ ጎትቶ ጫማ የሚያስጠልቀውን?

ከአይስላንድ ምዕራብ ዳር፣ ከዓሣው መጋዘን ጎን፣
ሁለት አልጋ፣ መስተዋት፣ የላስቲክ ገመድ፣ ሚዛን።
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሰማዩ ገና ሳይነጋ፣
ኬቲል መዳፉን አሙቆ ወደ እግሬ ተጠጋ።
«እጠፊው።» አጠፍኩ። ጥርሴ ጥርሴን ነከሰው።
መለኪያውን ደገነ፣ አነበበ፣ ጻፈው፦
አርባ አንድ።
«ዘጠና ሲሞላ ደረጃ እንወጣለን፤
መቶ ሃያ ሲሆን ሩጫ እናስባለን፤
በረኛነቱን ደግሞ...» ካርዱን አጠፈ። «እናያለን።»

ማዶ አልጋ ላይ ብራጊ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
ዳሌው አሁን ብረት ነው፤ ባሕር ነበር ቤቱ።
ማዕበል አይደለም የጣለው፤ ከደጁ ነው፣ በረዶ ላይ፣
ድመቷ የት ገባች ብሎ አንገቱን አስግጎ ሲያይ።
«ልጄ፣ ስንት ደረስሽ?» ይለኛል በየጠዋቱ።
«ሃምሳ ሰባት።»
«እኔ ስድሳ!» ይስቃል፤ ብቅ ይላሉ የቀሩት ጥርሶቹ፣ ሁለቱ።

ከጥግ አምስት የእንጨት ደረጃ፤ የትም የማያደርስ፤
ወጥቶ ግድግዳ ማየት፣ ዞሮ መመለስ።
ብራጊ ቀድሞኝ ወጣው፣ ምርኩዙን ከሥር ጥሎ፤
እንደ መርከብ አለቃ ቆመ፣ ግድግዳውን ባሕር አስመስሎ፤
ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ፣ ብዙ ቆየ።
እኔ ከታች ቀናሁ፣
በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በሽማግሌ ቀናሁ።

ቅዳሜ በሬዲዮ፣ ኢድና አሥራ አራት ኳስ አዳነች፤
ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ በእኔ ቦታ ገባች።
«ደስ ብሎኛል» አልኩ። እናቴ ዝም ብላ ሾርባ አማሰለች።

ፀሐይ ሁለት ወር ሙሉ ከተራራው ጀርባ ቆይታ
ብቅ ስትል፣ ከተማው ሁሉ ደጅ ወጣ፣ ለሰላምታ።
እኔ ሰማንያ አራት ነበርኩ። በማግሥቱም ሰማንያ አራት።
ከዚያ ሰማንያ ሦስት።
የላስቲክ ገመዱን ከመስተዋቱ ላይ ወረወርኩት።
ኬቲል አነሣው፣ አጣጥፎ ከምስማሩ ሰቀለው፤
«ነገ፣ ሶልሩን፣ አራት ሰዓት» ብቻ ነበር ያለው።

ማታ ፍል ውሃው ገንዳ፣ በእንፋሎት ተሸፍኜ፤
በረዶ ፀጉሬ ላይ፣ ሙቀት ከደረቴ በታች፣ ሁለት ሆኜ፤
ውሃ ውስጥ ክብደት የለም፤ እግሬን ወደፊት ላክሁት፣
እንደ ታመመ ልጅ፣ ሳልቆጣ፣ ሳላዝ፣ አባበልሁት።

ዘጠና የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ዝናብ ነበር፤ ማንም አልጠበቀው።
ኬቲል ሁለት ጊዜ ለካ፤ ሳይቸኩል ጻፈው።
የብራጊ አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላው ተወጥሯል፤
ከድመቷ ጋር ቤቱ፣ ምድጃ ዳር ይሆናል።

አንድ። ሁለት። በሦስተኛው እጄ መደገፊያውን ለቀቀ።
አራት። አምስት። ከግድግዳው ጋር ግንባር ለግንባር፤
ከታች የማይታይ፣ እዚህ የወጣ ብቻ የሚያነበው፣
ቀለሙ ላይ በእርሳስ፣ የተንጋደደ የዓሣ አጥማጅ ጽሑፍ ነበር፦
«ልጄ፣ ስንት ደረስሽ?»

ሳቄ ቀደመኝ፤ ቀጥሎ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ የቱ እንደሆነ እንጃ፤
«ኬቲል፣ እርሳስ አለህ?» አልኩ፣ ከአምስተኛው ደረጃ።