ሰማያዊው ሌባ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣
ቆርቆሮው ዘንቦበት ዝገት የሚያነባ፣
የጋሽ እንየው ጋራዥ ፊያቷን አስገባ።

ቀይ ናት እንደ ሚጥሚጣ፣ ያለፈባት፣ ያረጀች፣
የዳኘውን ደሞዝ ሦስት ዓመት የፈጀች።
እሑድ ውድድር አለ፤ ከአዘዞ ተነስቶ
ጎሃ አናት የሚያበቃ ዳገቱን ጠጥቶ።

«ፑንቲናው ይውጣልኝ» አለ ዳኘው ቆሞ፤
«ብረትና ብረት ሲሳሳም ከርሞ ከርሞ
ስድስት ሺህ ዙር ላይ ይደናበራል፤
ይኸው ኤሌክትሮኒክ፣ ሳይነካ ይሠራል።
ቦቢናውም ሌላ፤ አርባ ሺህ ቮልት አለው፤
መብረቁን ካንዴላ አፍ ላይ የሚጥለው።»

ጋሽ እንየው ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ፤
ቀጭኗን ካቻቢቴ በእጁ ፈለገ፤
ከጆሮው ላይ አገኛት፣ እንደ አናጢ እርሳስ።
«መብረቁስ ደግ ነው፤ ገመዱን ግን ዳስስ።»

ዳሰስሁ። ምንም የለም። ጥቁር ጎማ ብቻ፣
አራት ሽቦ፣ ተጋድሞ እስከ ሞተር ዳርቻ።

«እሳት ሰነፍ ነው» ይላል፤ «ካልጠሩት አይመጣ፤
ብልጭታውን ላከው ፒስተን ሳይወጣ።
ሩጫ በበዛ ቁጥር መላክም ይቀድማል፤
ቀጥሮ ያረፈደ ዳገት ላይ ይቆማል።»

ቅዳሜ አመሸን። ገጠምን፣ ፈታታን፤
ፈታታን፣ ገጠምን፤ አንድ ሳል ግን ረታን።
አምስት ሺህ ዙር ስትነካ ትስላለች፤
ነዳጅ ስረግጥባት «ምን ሆንሁ?» ትላለች።
ዳኘው ጥፍሩን በላ። እኔ ካንዴላ አወጣሁ፤
ክፍተቱን ለካሁ፣ በብሩሽ ፈተግሁ፣ መለስሁ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ፒያሳ እንዳለ። ጠጅ ቤቱ ተንጫጫ፤
ፋሲል ግንብ ተሰወረ፤ ጠፋን ባራት አቅጣጫ።
ዳኘው መብራት ኃይልን ከነዘሩ ሰደበ፤
ጋሽ እንየው ሳቀ፤ በእጁ አጨበጨበ፤
«እሰይ! ኮፈኑን ክፈት፤ ባትሪ አይጠፋም፤
አስነሣና እርገጥ፤ ሻማ አትለኩስም!»

አየነው።
ከአራቱ በአንዱ ሽቦ፣ ሦስተኛው ወገብ ላይ፣
እንደ ክር የቀጠነ፣ ሰማያዊ መሳይ፣
ከላስቲኩ ሾልኮ በብረቱ ሲሄድ፣
ለካንዴላው ሳይደርስ በከንቱ ሲነድ።
ድምፁ እንደ ሐሜት ነው፤ ትስ ትስ እያለ፣
ቀን ጨዋ ሽቦ መስሎ ስንት ወር የዋለ።

«በፊትም ነበረ» አለ ጋሽ እንየው ቀስ ብሎ፤
«ትንሽ እሳት እያለ ትንሽ ሰርቆ፣ ችሎ።
መብረቅ ስትሰጠው ግን ሌብነቱ ባሰ፤
አሮጌ ስልቻ፣ ቢሞሉት ፈሰሰ።»
ከራሱ ላንድሮቨር ሽቦውን ነቀለ፤
«ነገ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጉልበት አለኝ» አለ።

እሑድ ድልድዩ ላይ ቆሜ ሰማኋት፤
በዓይኔ አላየኋት፣ ሰው ነው የጋረዳት።
አምስት ሺህ አለፈች፤ ስድስት ሺህ ደገመች፤
ሳል የለ፤ ከግንቡ ግድግዳ ነጠረች።

ዳኘው ሦስተኛ ወጣ፤ አንገቱን ደፋ።
ጋሽ እንየው በእግሩ ዳገቱን ገፋ፤
ዋንጫውን አላየም። ኮፈኑን ከፈተ፤
ሽቦውን በጣቱ ዳሰሰ፣ አሸተተ።

ዛሬ ጋራዡ የኔ ነው። ኮምፒውተር ገብቶልኛል፤
ገመድ ስሰካለት ሕመሙን ይነግረኛል።
አንዳንዴ ግን ስክሪኑ «ምንም የለም» ሲለኝ፣
መኪናው እየሳለ ደንበኛው ሲያየኝ፣
በሩን እዘጋለሁ፤
አምፖሉን አጠፋለሁ፤
ጨለማው ውስጥ ቆሜ
«እንየው» እላለሁ።