ስምንት ጊጋ

ይመኙሻል፣
ካርዷ ጥፍር ታክላለች፣ ስምንት ጊጋ ትሸከማለች፤
በፌስታል ጠቅልዬ፣ በፕላስተር አሽጌ፣ ከጓንቱ ካርቶን ሥር አለች።
ለጀልባው ልጅ ለሙሉሰው በእጁ አስይዤዋለሁ፤
«ውኃ ካስነካሃት!» ብዬ በእናቱ አስምዬዋለሁ።
ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ከባሕር ዳር እስከ ደቅ
ወሬም ዘፈንም በጣና ነው የሚያልፍ፤ እርጥብ እንደሆነ፣ ሳይደርቅ።

መጀመሪያ «የመብራት ተራ»ን ክፈቻቸው፤
ከፖሊ ጀርባ የሚኖሩት ልጆች ናቸው።
ማሲንቆውን በተቀደደ ስፒከር አሳልፈው
እንደ ወፍጮ ቤት ያስጮኹታል፤ አንዳንዴ ጥርስ የሚያሳክክ ነው።
ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል፤
ደግመው እንዳይቀዱት መብራት ሄዶ አደረ፤
ዶሮውም በዚያው የባንዱ አባል ሆኖ ቀረ።

ከከተማው፦ ነዳጅ ጠፍቷል።
ባጃጁ ከማደያው እስከ ጊዮርጊስ ተሰልፏል፤
ሰማያዊውን ከሩቅ ስታይው፣ ጣና ሞልቶ አስፋልት ላይ የወጣ ይመስላል።
ሾፌሮቹ ጫማ አውልቀው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ ሰደው
ያለፈውን ሳምንት ካርድ ያዳምጣሉ፤ አንዱ ካንዱ በብሉቱዝ ወስደው።
ከእኔ የገዛው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ውድነሽ ናት፤ ቀን ሰልባጅ ትሸጣለች፣
ማታ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በስልኳ ትቀዳለች።
ትንፋሼን አጽዳልኝ ብላኝ ነበር። አላጸዳሁትም፤
ሰው መተንፈሱን ከዘፈን ላይ ለመፋቅ እጄ አልታዘዘኝም።
«ሳይመሽብህ ግባ» ይላል አዝማቹ፤
የፍቅር ይሁን የሰዓት እላፊ፣ እንጃ፣ ዘንድሮ ተቀላቅለዋል ሁለቱ።

የጋሽ መኩሪያው ካሴት ቤት ፈረሰ፤ መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ።
አሮጌ ካሴቶቹ ፍርስራሹ ላይ ሲረገጡ ዋሉ፤
ክራቸውን ነፋስ ወስዶት ዘንባባው ላይ ተጠመጠመ፤
ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ጋሽ መኩሪያው ከሥሩ ቆመ፣
አንጋጦ፣ «ያ ቡናማው የሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው» አለኝ፤
እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁም፤ አንገቱን ሳይ የኔን አመመኝ።

እምቦጩ አብቧል። ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፣ ምን ይደረግ፤
ሠርገኞች ፎቶ ይነሡበታል፤ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ታቅፎ ጥግ ጥግ።

ይመኙሻል፣
ከዚህ በኋላ ቤት አይመታልኝም። መቺው የለም።

ይህን ጽሑፍ ከዘፈኖቹ መሃል የወሸቅሁት
መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው ነው እንጂ
አንችን ፈርቼ አይደለም።
ዋሸሁ። አንችን ፈርቼ ነው።

ወንድምሽ አስረበብ ከበሮውን እኔ ዘንድ አስቀምጦ
ለእናታችሁ መድኃኒት ይዞ ወደ ዱርቤቴ ወጣ።
መንገዱ ከኋላው ተዘጋ።
ሦስት ሳምንት ሆነ።
ሞተ ያለኝ የለም። አየሁት ያለኝም የለም።
አንድ እህል ጫኝ ሾፌር ብቻ፣
«ኬላው ጋ ጀሪካን የሚደበድብ ልጅ ሰምቻለሁ፤ ደስ ይላል አመታቱ» አለኝ።
ጀሪካን የሚመታ ሁሉ አስረበብ አይደለም።
ግን ጻፍሁልሽ።

የመጨረሻው ፋይል ስም የለውም።
ልጆቹ ሌላ ከበሮ መቺ እምቢ ብለው
የእሱን ቦታ ክፍት ትተው ቀዱት።
ማሲንቆው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ቀጥ ይላል፤
አራት ምት ባዶ፤
ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።
የተበላሸ መስሎሽ እንዳታጠፊው።
ድምፁን ከፍ አድርጊና ባዶው ላይ ጆሮሽን ጣይ፤
ጄኔሬተር አለበት፣ ባጃጅ ያልፋል፣
አንድ ሰው ሊያስል ሲል ይታገሣል።
ያ ሰው እኔ ነኝ።

ካርዷ ስትመለስ እንዲሁ አትምጣ።
አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት፣ አመታቱን ታውቂዋለሽ፤
ጤና ጣቢያው ጸጥ ሲል፣ የክትባቱን ጠረጴዛ
አራት ጊዜ ምችና በስልክሽ ቅጅልኝ።
ካልሆነልሽ ተይው።
ሙሉሰው ሐሙስ ጠዋት ይመለሳል፤
ማዕበል ከሌለ።